ሳይበሉ ማላመጥ፦ የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ይችላል
ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ዘመድዎ ሳይበላ ያላምጣል? ምላሱን ያወጣል፣ ከንፈሩን ያሞጠሙጣል? ሕመሙ ብሶበት ወይም መንፈስ ይዞት ነው ብለው አይደምድሙ። ታርዳይቭ ዲስካይኔዥያ የሚባል የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ይችላል። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ሥራ ይገታሉ፤ ለወራትና ለዓመታት ሲወሰዱ ሰውየው የማያዝዘው እንቅስቃሴ ሊያመጡ ይችላሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላዚል የሚሉት፣ ይህንኑ ሊያስከትል መቻሉ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። አረጋውያን፣ በተለይም ሴቶች፣ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ቶሎ ከተደረሰበት የመሻሻል ዕድሉ ይሰፋል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ዋናው ሕመም ሊያገረሽ፣ እንቅስቃሴውም ሊብስ ይችላል። እባክዎ በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩ።