ቆጣሪውን ማን ያንብብላቸው?

ቤታችሁ ያለው የመብራት ቆጣሪ ዛሬ ስንት ላይ እንደደረሰ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችን አናውቅም፤ ዶርም የምንኖረውማ ጭራሽ ትዝም አይለን። እኔ ግን ያደግሁት ዓባይ ማዶ አያቴ ቤት ስለሆነ ከቆጣሪ ጋር የተዋወቅሁት ገና በልጅነቴ ነው። እማማ (አያቴን እንዲህ ነው የምንላቸው) ዓይናቸውን ሞራ ከያዛቸው ቆይቷል። ወር ሲያልቅ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ በርጩማዋን ይዘሽ ውጭና ያን ነገር እይልኝ» ይሉኛል። ቆጣሪው ከበሩ በላይ ነበር የተሰቀለው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን በርጩማዋ ላይ ቆሜ «አርባ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት!» ብዬ ጮህኩ። እማማ ደነገጡ። «ባለፈው ወር አራት ሺህ ምናምን አላልሽኝም ወይ? ይሄን ሁሉ ምን በላው?» ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰዳቸው። በማግሥቱ አንድ ጎረቤታችን መምህር መጥተው ሲያዩት ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ቀይ ናት፤ ቀይዋ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ያለች አሥረኛ ናት። ትክክለኛው ንባብ 4527 ከ3 አሥረኛ ነበር። እኔ አሥር እጥፍ አድርጌው አረፍኩ!

ይሄን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የሚከፍሉት ሌላ ሰው አንብቦ በነገራቸው ቁጥር ነው። ያ ሌላ ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ተከራይ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ያገኙት ሰው ሊሆን ይችላል። ተሳስቶ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ለመሆኑ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድነው? ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ለቀቅ ያለ ጊዜ ስንጋግር አንድ ኪሎዋት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል ግን ያንኑ ለመጨረስ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት አለበት። በድሮው ቆጣሪ ከመስታወቱ ኋላ አንዲት ስስ የአሉሚኒየም ሳህን ትዞራለች። ምጣድ ሲሰካ ትሮጣለች፣ አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ ታዘግማለች፤ መዞሯ ቁጥሮቹን ይገፋል። አሠራሩ የቆየ ነው። ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ የዚህን ዓይነት ቆጣሪ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። እኛ ዘንድም እስከ ዛሬ ብዙ ቤት ይዞራል።

ንባቡ ትክክል መሆኑ ለምን ያስፈልጋል? ታሪፋችን በእርከን ስለሆነ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ሰው የሚከፍለው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። አንባቢው መጥቶ ግቢው ተዘግቶ ካገኘውና በግምት ከተሞላ፣ የተጠራቀመው በኋላ በአንድ ወር ላይ ሲወርድ ደንበኛው ሳያስበው ላይኛው እርከን ላይ ሊወጣ ይችላል። ዓይናማ ሰው ቆጣሪውን አይቶ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ይከራከራል። እማማ በምን ይከራከራሉ?

ታዲያ ቆጣሪው ሲቀየር ችግሩ የሚቀረፍ ይመስላል። በከተሞች የገባው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ (ሰዉ «ካርድ ቆጣሪ» የሚለው) ብዙ ነገር አቅልሏል። ግምት የለም፣ የቤት ለቤት አንባቢ የለም፣ የከፈልከውን ያህል ትጠቀማለህ። ለማያይ ሰው ግን አንዱን ችግር ወስዶ ሌላ ነው የሰጠው። በብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ጽሑፉ ግራጫ በግራጫ ላይ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እኔም አይታየኝም። ማያው ላይ ደግሞ ቁጥሮች ይፈራረቃሉ፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ ሰዓት፣ አንዴ ጠቅላላ ፍጆታ፣ አንዴ ቀሪ ሒሳብ። የትኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ዓይንም፣ መለማመድም ይጠይቃል። ሒሳብ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቀው በትንሽ መብራት ከሆነ ደግሞ ለእማማ ምንም አልተነገራቸውም ማለት ነው።

ካርድ ቆጣሪ ከገባልን በኋላ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እማማ ብቻቸውን ነበሩ። ሬዲዮናቸው ዝም ሲል «መቼስ ለመደብን» ብለው ኩርሲያቸው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከፔዳ ግቢ ዘግየት ብዬ ስመጣ ሰፈሩ በሙሉ በርቷል፤ የእኛ ቤት ብቻ ድቅድቅ ያለ ጨለማ። ያለቀው ካርዱ ነበር። ለሦስት ሰዓት ያህል ሰፈር ሁሉ የጠፋ መስሏቸው ሲጠብቁ አምሽተዋል። እኛ በመስኮት ብቅ ብለን የጎረቤትን አምፖል አይተን በአንድ ሴኮንድ የምንለየውን ነገር እሳቸው የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያች ምሽት ወዲህ ነው ይሄ ጉዳይ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በአብዛኛው የሽማግሌና የአሮጊት በሽታ ነው፤ በዚህ ላይ የእኛ ክልል በትራኮማም ክፉኛ የተጠቃ ነው። «ታዲያ ቆጣሪው ላይ ብሬይል ይለጠፍ» የሚል ጓደኛ አለኝ። አሳቡ ደግ ነው፣ ግን በሰባ ዓመታቸው ዓይናቸው የጠፋ ሰው ብሬይል የት ተምረው? ደግሞስ የሚቀያየር ቁጥር በተለጠፈ ነጥብ እንዴት ይነበባል? እንዲህ ላለ ሰው የሚሻለው ጆሮው ነው።

እንግሊዝ አገር ኃይል አቅራቢዎች አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ሕሙማንን ለይተው የሚመዘግቡበት አሠራር አላቸው። የተመዘገበ ሰው ቆጣሪውን ራሱ ማንበብ ካልቻለ ሰው ተልኮ ይነበብለታል፤ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው የማይደረስበት ቦታ ከሆነ እንዲዛወርለት መጠየቅ ይችላል፤ ሒሳቡ በትልልቅ ፊደል ወይም በብሬይል ይላክለታል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የይለፍ ቃሉ ነው። ዓይነ ስውር ሰው በር ያንኳኳውን ሠራተኛ መታወቂያ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የተስማሙበትን ቃል ሠራተኛው በር ላይ ይናገራል። ይሄ ምን ያስወጣል? ምንም! እዚያው አገር ለዓይነ ስውራን ተብሎ ፍጆታንና ወጪን በድምፅ የሚናገር፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያም ተሠርቷል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ካርድ የለም፤ ደንበኛው ሒሳብ ሲገዛ የሚሰጠውን 20 አሐዝ እንደ ስልክ ባለ ቁልፍ ያስገባል። ቁልፎቹ እንደ ስልክ ከተደረደሩ ጣት ይለምዳቸዋል፤ ሃያ ቁጥር የሚያነብለት ሰው ግን አሁንም ያስፈልገዋል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ኃይሉን ቤት ለቤት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው (ሰዉ ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት የተከፈለው በ2006 ዓ.ም. ነው)። 905 የሚባል የስልክ መስመርም አለው። «አገሪቱ ውስጥ ስንትና ስንት ሰው መብራት ራሱ ሳያገኝ ስለ ቆጣሪ ፊደል ታወሪያለሽ ወይ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው። እኔም ቆጣሪ ሁሉ ነገ ይለወጥ አላልኩም። ቆጣሪ ግን መቀየሩ አይቀርም፤ ያረጀው ይነሳል፣ አዲስ ይገዛል። ያኔ ሲገዛ ሒሳብ ሊያልቅ ሲል የሚጮህ ይሁን። የሚሰቀለው ደግሞ በርጩማ በማያስፈልገው ከፍታ ላይ ይሁን። ቀሪ ሒሳቡ በስልክ ተደውሎ በአማርኛ የሚነገርበት፣ ወይም ደንበኛው ለመረጠው ልጁ በአጭር መልእክት የሚላክበት መንገድም ይታሰብ። ተራ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ማንበብ የማይችሉት ይቅደሙ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ልመና አይደለም።

እማማ እስከዚያው የራሳቸውን ዘዴ አግኝተዋል። ከመንገዱ ማዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ቤት አለ። መብራት ሲጠፋባቸው ጆሯቸውን ይጥላሉ። ወፍጮው ዝም ካለ ጠፍቶ ነው፤ እያጓራ ከሆነ ካርዱ አልቋል፣ ለእኔ ይደወላል። እሑድ ግን ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው።