የቡና ኮከብ ብርሃንና የአቦል ዕጣ

በእንጦጦ ተራራ አናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ቢቀኑ፣ የጥንት ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ባደረጓት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ ለዓይን የማይገለጥ አንድ ኮከብ ያገኛሉ። ይህ ኮከብ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መዝገብ «ቡና»፣ የምትዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተብለው፣ ሀገራችን ባወጣችላቸው ስም ይጠራሉ፤ ብርሃናቸውም ከእኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስም ያወጣ ወላጅ የልጁን ዕጣ መጠየቁ አይቀርምና፣ በአቦል ላይ ሕይወት ሊኖር ይችላልን?

መልሱን አስቀድሞ የያዘው ኮከቡ ነው። ፀሐይን በሚመስሉ ከዋክብት ዘንድ ክብደት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ከ10 እጥፍ በላይ ይበዛል፤ ብርሃኑ ግን በጠፈር ሲጓዝ እየሳሳ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮከብ፣ ውኃ ሳይተንና ሳይረጋ በፈሳሽነቱ ሊጸና የሚችልበት ክበብ አለው፤ ኮከቡ በደመቀ መጠን ክበቡ ይርቃል። ቡና ከፀሐይ 3 እጥፍ በላይ ስለሚያበራ፣ ምድር የምታገኘውን ያህል ብርሃን ለማግኘት ከእርሱ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ ያስፈልጋል።

አቦል በአማካይ ከዚህ ክበብ እምብዛም አትርቅም፤ ይሁን እንጂ አማካይ ርቀት ያታልላል። መንገዷ እጅግ የተለጠጠ ስለ ሆነ፣ ወደ 1000 ቀን በሚጠጋው ዑደቷ አንድ ጊዜ ምድር ለፀሐይ ካላት ቅርበት ይበልጥ ትጠጋለች፣ ሌላ ጊዜ የምድርን ርቀት 3 እጥፍ አልፋ ትሄዳለች፤ በቀረበች ጊዜ የምትቀበለውም ብርሃን በራቀች ጊዜ ከምትቀበለው በግምት 20 እጥፍ ነው። በዚያም ላይ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የምትከብድ፣ እግር የሚቆምበት ምድር የሌላት የጋዝ ዓለም ናት።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የዘመን ነገር ነው፤ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ፈጥኖ ይጨርሳልና። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖራት፣ 10 እጥፍ የሚከብዳት ኮከብ በጥቂት አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጸማል፤ በእኛ ምድር ግን እንስሳት እስኪገለጡ ድረስ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከፀሐይ በሲሶ ያህል የሚከብደው ቡናም የጉልምስናውን ዘመን ጨርሶ ማበጥ ጀምሯል፤ ብርሃኑ እየጨመረ፣ የውኃውም ክበብ ወደ ውጭ እየሸሸ ይሄዳል።

ታናናሾቹ ቀይ ድንክ ከዋክብት በአንጻሩ ከትሪሊዮን ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ ክበባቸው ግን እጅግ ስለሚቀርብ፣ ከእነዚሁ አንዱ በሆነው በፕሮክሲማ ኮከብ ዙሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ፕላኔት ዑደቷን በ11 ቀን ትፈጽማለች፣ የኮከቧም የእሳት ፍንዳታ በቅርብ ያገኛታል።