ሆስፒታል «የሕክምና ዕቃ» ብሎ ሲያስከፍል ስንት ጓንት ነው?

ስለ ሲሚንቶና ብረት ዋጋ ሁሌም እናወራለን። ዛሬ ዋጋውን ሳንጠይቅ የምንከፍልባቸውን ዕቃዎች እንይ፦ ጓንት፣ ሲሪንጅ፣ ካኑላ፣ ጎዝ፣ ግሉኮስ።

ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ የግል ሆስፒታል ሰው ያስተኛ ያውቀዋል። መጀመሪያ ማስያዣ ይከፈላል፤ ከዚያ ለሕመምተኛው የወጣው ዕቃ እየተመዘገበ ካሸር ጋ ሲደርስ ብር ይሆናል። ሳይመዘገብ ያለቀ ዕቃ የሆስፒታሉ ኪሳራ ነው። ተመዝግቦ ሥራ ላይ ያልዋለው ደግሞ የእናንተ!

ሌላው ጣጣ መለኪያው ነው። «ጓንት 10» ሲል አሥር ጥንድ ነው ወይስ አሥር ፍሬ? 100 ፍሬ ያለው ሣጥን 50 ጥንድ ነው። ለምሳሌ ሣጥኑ 600 ብር ነው እንበል። ፍሬው 6 ብር፣ ጥንዱ 12 ብር ይመጣል። በፍሬ ተቆጥሮ በጥንድ ዋጋ ከተባዛ፣ ማንም ሳይሰርቅ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የዶላሩም ጉዳይ አለ። ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ መጋዘን ውስጥ አሮጌና አዲስ ዋጋ ያለው አንድ ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የትኛው ለማን እንደወጣ የሚነግረን መዝገቡ ብቻ ነው።

መፍትሔው አገር ውስጥ አለ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በ2003 ዓ.ም. ገደማ ኤፒቲኤስ የሚባለውን፣ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት አሠራር ጀመረ። ቀድሞ ደረሰኝ ላይ የሚታየው ጠቅላላ ብር ብቻ ስለነበር የተሸጠውን ዕቃ ከገባው ገንዘብ ጋር ማመሳከር አይቻልም ነበር። በአዲሱ አሠራር የዕቃው ስም፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ተጻፈ፤ የመደርደሪያው ቆጠራና የካሸሩ ገንዘብ ፊት ለፊት ተገናኙ። አሠራሩ ከዚያ ወደ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ አዲስ አበባ ድረስ ተስፋፋ።

የመንግሥት ሆስፒታል «ይሄ የለም፣ ከውጪ ግዙ» ሲል ግን የምትገዙት ዕቃ ከዚህ ሰንሰለት ይወጣል። ያኔ መዝጋቢው እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ፦

👉 ዝርዝር ሒሳብ ጠይቁ፤ ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ።
👉 «ፍሬ ነው ጥንድ? ወይስ ሣጥን?» በሉ።
👉 ማስያዣው ሳያልቅ በየቀኑ እዩት፤ በመውጫው ቀን ማን ያስታውሳል?
👉 ከውጪ የገዛችሁትን ከነደረሰኙ ያዙ፤ የተረፈውንም ጠይቁ።

ነርሷ ላይ መጮህ አያስፈልግም፤ ዋጋውን የምትተምነው እሷ አይደለችም። አንድ ኩንታል ጤፍ ስንገዛ ሚዛኑን እናያለን አይደል? እዚህም ያው ነው።