አዲስ ሞተር በአሮጌ ካምቢዮ ላይ

ከአወዳይ ጫት ጭኖ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚከንፈው፣ ከባቢሌና ከጉርሱም የግመል ወተት በጀሪካን ደርድሮ ጅግጅጋ የሚገባው፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ በበርሜል ውሃ ይዞ ወደ ሐርሺንና ቀብሪበያህ ገጠር የሚወጣው መኪና ብዙ ጊዜ የቶዮታ ፒክአፕ ነው፤ ወይ ላንድክሩዘር፣ ወይ ሃይሉክስ። ሻንሲው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ይሆናል። ባሌስትራው ተደራርቦ ተጠናክሯል፣ ጋቢናው ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም አይቷል። ኮፈኑ ሲነሳ ግን ከሻንሲው ዕድሜ ጋር የማይገጥም፣ በኋላ ዘመን የተሠራ ሞተር ቁጭ ብሎ ሊታይ ይችላል።

መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛት ለምን አልተመረጠም ቢባል መልሱ ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ሻንሲው ያልተሰነጠቀ፣ ሊብሬው ንጹሕ የሆነ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ታዲያ ንብረቱን አይጥልም። ያረጀውን ሞተር አውርዶ የተሻለ ይጭንበታል እንጂ።

ይህን ሥራ በተራ ጋራዥ የሚቻል ያደረገው የእጅ ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር ዕቃ ነው፤ ሞተሩ ሲለወጥበት ግራ ይገባዋል። የእጅ ካምቢዮ ግን ከፊቱ የቆመው ሞተር ማን ይሁን ማን ግድ የለውም። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ብሎኖቹ እንዲገጥሙ፣ መግቢያ ዘንጉ መሃል ላይ እንዲቀመጥ፣ የሚመጣበት ጉልበትም ከአቅሙ በላይ እንዳይሆን።

ስለዚህ ትልቁ ብልሃት ከዚያው ቤተሰብ የተወለደ ሞተር መምረጥ ነው። በላንድክሩዘር 75 ፒክአፕ ላይ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገጠመው 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። ከዚሁ ብሎክ የወጡት ባለ ቱርቦ ወንድሞቹ 1ኤችዲ-ቲ፣ 1ኤችዲ-ኤፍቲ እና 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ ናቸው፤ ከካምቢዮ ጋር የሚያያዙበት ገጽታም አንድ ነው። የ1ኤችዜድ የመጎተት ኃይል 285 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ በላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ላይ 380 ይሰጥ ነበር። በሃይሉክስም ቢሆን 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ብዙ ብየዳ ይቀመጣል። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ መሻገር ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሞተሩን ከነካምቢዮው መግዛት ይሻላል።

ቱርቦ ለጅግጅጋ ሰው ቅንጦት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በርበራ ወደብ ላይ ካለው አራት አምስተኛውን ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ከፋፈን ተነስቶ የካራማራን አቀበት ጭነት ይዞ ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ማርሽ ይለምናል። ቱርቦው የጎደለውን አየር አምቆ ይመልስለታል። በድሮው 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ብቻ ለጥፎ መሄድ ርካሽ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ናፍጣው ከልክ በላይ ከተከፈተ ሙቀቱ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። እኔ ብሆን ከፋብሪካው ለቱርቦ ታስቦ የተሠራውን ሞተር እመርጣለሁ።

አብዛኛው ሰው ገንዘቡንም ትኩረቱንም ሞተሩ ላይ ያፈስሳል። ሥራው የሚፈተነው ግን ሞተርና ካምቢዮ በሚገናኙበት የአንድ ስንዝር ቦታ ላይ ነው። ከክራንክሻፍቱ ጫፍ መሃል አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ ትገባለች፤ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ አፍንጫ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ዋጋዋ ኢምንት ስለሆነ አሮጌዋ ላይ ቅባት ቀብተው የሚያልፏት አሉ። ካልተለወጠች ፍሪሲዮን ሲረገጥ ታፏጫለች፣ ቀጥሎ ማርሹ አልገባ ይላል፣ በመጨረሻም ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ቮላኖውም ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ መስተካከል አለበት። የፍሪሲዮን ዲስኩ ሲታሰር ጥሩ መካኒክ ከተበላሸ ካምቢዮ የተረፈ አሮጌ መግቢያ ዘንግ ያመጣና በዲስኩ ጥርሶች አሳልፎ እስከ ኩሽኔታዋ ይሰካል። ዘንጉ እዚያው እንዳለ የፕሬሸር ፕሌቱን ብሎኖች ጥቂት በጥቂት፣ በአንጻራቸው እያፈራረቀ ያጠብቃል። ዘንጉ በጣት ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ ዲስኩ መሃል ላይ ነው፤ ካምቢዮውም ተገፍቶ በራሱ ይገባል። ካልወጣ ደግሞ ካምቢዮውን በብሎን ስቦ ለማስገባት መሞከር ዘንጉን ማጣመም ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ችግሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ የሚያስቆሙት ግን እነሱ ናቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች ብዙዎቹ በ24 ቮልት የሚነሱ ናቸው። ከሻርጃ የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ የመጣ ሞተር እንዲህ ያለ ሆኖ ፒክአፑ የ12 ቮልት ከሆነ ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና የማሞቂያ ካንዴላዎቹ አብረው መቀየር አለባቸው። ባለ ሁለት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ ላይ የነበረ ሞተር ደግሞ ከታች ዘይት የሚይዘው ኮፓ ቅርጹ ስለሚለይ ከፊት ዲፈረንሻሉ ጋር ይጋጫል፤ የድሮው ኮፓ ከነዘይት መሳቢያ ቱቦው ወደ አዲሱ ይዛወራል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ባዶ አየር ስለማይፈጥር የፍሬን ሰርቮው የራሱ ቫኩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ይህን ረስቶ የካራማራን ቁልቁለት መውረድ ሞትን መጥራት ነው።

ጊዜ ወስደው ሊያስቡበት የሚገባ ሌላም አለ፤ ዲፈረንሻሉ። የሃይሉክሱ 22አር ቤንዚን ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ 4,800 ዙር ላይ ነው፤ 3ኤል ናፍጣ ደግሞ በ4,000። ስለዚህ ለቤንዚን የታሰበውን ዲፈረንሻል እንደያዘ ናፍጣ ቢገጠምለት፣ በሜዳው የደገሃቡር መንገድ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም። ላንድክሩዘር 75 ላይ ግን ከወንድም ወደ ወንድም የተቀየረ እንደሆነ ዲፈረንሻሉን መንካት አያስፈልግም፤ በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ ከ2,300 እስከ 2,400 ዙር አካባቢ ላይ ነው፤ ይህም ለባለ ቱርቦው ምቹ ቦታው ነው።

የበለጠ አዲስ ይሁን የሚል ሰው ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉትን ኮመን ሬል ሞተሮች፣ ለምሳሌ የሃይሉክሱን 1ኬዲ-ኤፍቲቪ፣ ያያል። ጉልበታሞችና ነዳጅ ቆጣቢዎች ናቸው። ነገር ግን ናፍጣውን የሚረጩት ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ፣ ከበርሜል በጎማ ቱቦ የተቀዳ፣ ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን ይበላቸዋል። ኮምፒውተራቸውን፣ የሽቦ ገመዱን፣ የነዳጅ ፔዳሉንና ቁልፉን የሚያውቀውን ሳጥን ሁሉ አብሮ ማምጣትም ግድ ነው፤ አንዷ ገመድ ከተቆረጠች ሞተሩ አይነሳም። አስፋልቱን ለቆ ወደ አዋሬ የሚሄድ መኪና ቆሞ ቢቀር በአካባቢው የሚያነበው መሣሪያ አያገኝም። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ሞተር ግን በመፍቻና በችሎታ ይነሳል። ለከተማ መኪና ሌላ ሊባል ይችላል። ለአርብቶ አደር ቀበሌ ለሚመላለስ ፒክአፕ ግን የመጨረሻው ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ቱርቦ፣ 1ኤችዲ-ኤፍቲ፣ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ውሃ የሚለይ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ ከተጨመረለት ብዙ ዘመን ያገለግላል።

የወረቀቱ ነገር የሚታሰበው ግን ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ነው። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው፤ ለውጡ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ቀርቦ መስተካከል አለበት። ለዚህም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ሕጋዊ የሽያጭ ሰነድ ይጠየቃል። በድንበር በኩል ያለ ወረቀት የገባ ርካሽ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ወይም ኬላ ላይ ሲታይ መኪናውን ጭምር ያስይዛል። ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታበት ሞተር ከሆነ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። የወረደውም ሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ እስኪለወጥ ድረስ አይሸጥም።