አጃቢነቱን ያለፈ ሙዚቃ፦ የኤንዮ ሞሪኮኔ የፊልም ድርሰቶች

የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ለአንድ ፊልም ተብሎ የሚደረስ፣ የትዕይንቱን ስሜትና ፍጥነት እየተከተለ የሚሄድ ድርሰት ሲሆን፣ አስቀድሞ ተቀድቶ ከነበረ ሥራ ተመርጦ ፊልም ውስጥ ከሚገባ ዜማ ይለያል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሚሰሙት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከፊልሙ ብዙ ዓመታት ቀድመው የተቀዱ ስለነበሩ ተነጥለው መደመጣቸው አያስገርምም። ማጀቢያ ግን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ሌላውን ለማጀብ የተፈጠረ ነው፤ ተዋናዩ በሩን ሲከፍት የሚቆም፣ ፈረሱ ሲጋልብ የሚፈጥን፣ በሰከንድ እየተለካ የሚቆረጥ በመሆኑም ምስሉ ሲወሰድበት አብዛኛውን ጊዜ መነሻውና መድረሻው የማይታወቅ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ሥራዎች መካከል የጣሊያናዊው ኤንዮ ሞሪኮኔ (1928–2020) ድርሰቶች ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛሉ።

ሞሪኮኔ ሮም ውስጥ ከመለከት ነፊ አባት ተወልዶ፣ በሳንታ ቼቺሊያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከጎፍሬዶ ፔትራሲ ዘንድ የድርሰት ትምህርት ተከታትሎ በ1954 ተመረቀ። በአማርኛ የሙዚቃ አልበሞች ሽፋን ላይ «ዜማ» እና «ቅንብር» ተብለው ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዎች ስም የሚጻፉት ሥራዎች በእርሱ ዘንድ አንድ ነበሩ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ፒያኖ ሳይነካ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጫወተውን በኖታ ራሱ ይጽፍ ነበር። የድርሰቶቹ ጥንካሬ ከዚህ ይጀምራል፤ ለእርሱ የመሣሪያው ምርጫ የዜማው አካል እንጂ ከዜማው በኋላ የሚለበስ ልብስ አልነበረም።

ይህ በግልጽ የታየው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛው ከነበረው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ጋር በሠራቸው የከብት ጠባቂዎችና የሽፍቶች ፊልሞች ነው። በ1964 ለወጣው የመጀመሪያው ፊልም የተመደበው ገንዘብ ትልቅ ኦርኬስትራ ለማሰለፍ የማይበቃ ስለነበር፣ ሞሪኮኔ የሰው ፉጨትን፣ የጅራፍ ጩኸትን፣ ደወልንና የኤሌክትሪክ ጊታርን አንድ ላይ አሰማራቸው። በ1966ቱ «መልካሙ፣ ክፉውና አስቀያሚው» ደግሞ ኮዮቴ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳ ጩኸት የሚያስታውሱ፣ በፍጥነት የሚፈራረቁ ሁለት ድምፆችን ብቻ ወስዶ ለሦስቱ ባለታሪኮች አከፋፈላቸው፤ ለመልካሙ በዋሽንት፣ ለክፉው ኦካሪና በተባለች ትንሽ የሸክላ መንፊያ፣ ለአስቀያሚው በሰው ጉሮሮ። አንድን ሰው ወይም ሐሳብ እየወከለ የሚመላለስ እንዲህ ያለ አጭር ዜማ ሊትሞቲፍ ይባላል፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ሦስት ሰው መለየት መቻል ግን ከብዙ ደራሲ የማይጠበቅ ቁጥብነት ነው።

ከዚሁ ፊልም «የወርቅ ሐሴት» የተሰኘው ክፍል ተለይቶ ሊደመጥ ይገባዋል። በምስሉ ላይ ቱኮ የተባለው ሽፍታ ወርቅ የተቀበረበትን መቃብር ፍለጋ በሺህ የሚቆጠሩ መስቀሎች መካከል ይሮጣል፤ ሙዚቃው በፒያኖ ዝግ ብሎ ይነሣና የዘፋኟ የኤዳ ዴል ኦርሶ ቃል አልባ ድምፅ ይገባበታል፤ ከዚያ ከበሮው፣ ደወሉና የመዘምራኑ ድምፅ ተራ በተራ እየተደረቡ ይወጣሉ። ሯጩን ያላየ አድማጭም ቢሆን የሚፈልገውን ነገር ሊይዝ የተቃረበ ሰው ልብ እንዴት እንደሚመታ ከዚህ ድርሰት ይረዳል፤ ሜታሊካ የተባለው የሮክ ቡድን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመድረክ ዝግጅቶቹን የሚከፍተው በዚሁ ሙዚቃ ነው።

በ1968 በወጣው «በአንድ ወቅት በምዕራብ» ላይ ልማዱ ተገለበጠ። ዋና ዋናዎቹ ዜማዎች ቀረጻው ሳይጀመር ተደርሰው ስለነበር ሊዮኔ በቀረጻው ቦታ ያሰማቸው ነበር፤ ጂል የተባለችው ሴት ከባቡር ወርዳ በጣቢያው ቢሮ ውስጥ ስታልፍ፣ ካሜራው ከጣሪያው በላይ ተነሥቶ ከተማዋን የሚገልጠው ዜማው ከፍ በሚልበት ቅጽበት ነው። ሙዚቃው የምስሉ አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ምስሉ የሙዚቃው አጃቢ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ድርሰቱ ሙሉ መነሻ፣ ዕድገትና ማረፊያ ይዞ የተገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያው ፊልም የሚሰማው የሚያቃስት የሃርሞኒካ ድምፅ ምንጩ መጨረሻ ላይ ይገለጣል፤ ወንድሙ ገመድ በአንገቱ ገብቶ በትከሻው ላይ የቆመበት ልጅ፣ ገዳዩ በአፉ የወተፈበት ሃርሞኒካ ውስጥ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው።

የሁሉም አክሊል ግን በ1986 ለዳይሬክተር ሮላንድ ጆፌ ፊልም «ዘ ሚሽን» የተደረሰው ነው። ታሪኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ስለተሰማሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን ሲሆን፣ አባ ገብርኤል የተባሉት ካህን በጫካው ውስጥ ተቀምጠው ኦቦ ይነፋሉ፤ ኦቦ በሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ምላሶች የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ ነው። ጦር የያዙት የጓራኒ ሰዎች ዜማውን ሰምተው ይቀርቧቸዋል። «በሰማይ እንደ ሆነ እንዲሁ በምድር» በተሰኘው ክፍል ሞሪኮኔ የኦቦውን ዜማ፣ የላቲን ቅዳሴ ጠባይ ያለውን የመዘምራን ድርሰትና የአገሬውን ሕዝብ የሚወክለውን የከበሮ ምት አንዱ ሌላውን ሳይውጥ በአንድነት ያስኬዳቸዋል፤ ነጻ ዜማዎችን እንዲህ ጎን ለጎን የማስኬዱ ጥበብ ኮንትራፑንት ይባላል። በፊልሙ ውስጥ በሰላም አብረው መኖር የተከለከሉት ዓለማት በሙዚቃው ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ይህ ድርሰት ለኦስካር ታጭቶ ሳይሸለም መቅረቱ የሽልማቱ ጉድለት ነው። ሞሪኮኔ በ2007 የክብር ኦስካር ተሰጥቶት፣ በውድድር ያሸነፈው በ2016 በ87 ዓመቱ ነበር። ከእርሱ ሥራ ጋር መተዋወቅ የሚሻ አንባቢ «በሰማይ እንደ ሆነ እንዲሁ በምድር» በተሰኘው ክፍል ይጀምር፤ ርዝመቱ አራት ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ መጀመሪያ ኦቦውን ብቻ፣ ቀጥሎ መዘምራኑን ብቻ፣ በሦስተኛው ከበሮውን ብቻ እየተከተለ ሦስት ጊዜ ያድምጠው፤ ፊልሙን ከዚያ በኋላ ይመልከት።