ዘፋኝ የሌለበት ዘፈን፦ የኃይሉ መርጊያ ግማሽ ምዕተ ዓመት

እኛ ዘፈን የምንሰማው ለግጥሙ ብለን ነው። አዲስ ሥራ ሲወጣ ቀድመን የምንጠይቀው «ምን አለ?» ብለን ነው፤ ዜማውንም የምናመሰግነው ቃሉን አሳምሮ ሲሸከም ነው። ኃይሉ መርጊያ ግን በስሙ ካወጣቸው ሥራዎች አብዛኞቹን ቃል ሳይኖራቸው ሠርቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አንስቶ ኦርጋን፣ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ፒያኖ እያፈራረቀ ድምፃዊው በሚቆምበት ቦታ ኪቦርድ አቁሟል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ኪቦርድን ከአጃቢነት አውጥቶ ግንባር ላይ አስቀምጦት ነበር። ኪት ኤመርሰንና ሪክ ዌክማን በኦርጋንና በሙግ ሲንተሳይዘር ረጃጅም ድርሰቶችን ይጫወቱ ነበር፤ ስንቃቸውም የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ነበር። ኃይሉ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉትን ቅኝቶች ተጫወተ። ስንቁ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ዜማ ነበር።

የተወለደው በ1946 ደብረ ብርሃን ነው። በ10 ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገባ። አኮርዲዮን የለመደው በዚያ ዕድሜው ነው። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ በከተማው የምሽት ክለቦች እየተዘዋወረ ሠራ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም እሱ ያለበት ዋልያስ ባንድ ተመሠረተ። ያኔ ብዙ ጊዜ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ስለነበር ተጫዋቹ ተቀጣሪ ነበር። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ ራሳቸው ውል ተዋውለው የሚሠሩ ሆኑ። ከባንዱ ጋር ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ ነበሩ።

ባንዱ ዓመታት ያሳለፈበት ቤት ካዛንቺስ አጠገብ ያለው ሂልተን ሆቴል ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሰዓት እላፊ መጣ። ሰዓቱ ያለፈበት ታዳሚ ሊነጋጋ ሲል ካልሆነ መውጣት ስለማይችል ባንዱም አብሮት ያነጋ ነበር። እንዲህ ያለ ሌሊት ለሙዚቀኛ ከባድ ትምህርት ቤት ነው። ዳንሱ ይደክማል፣ ዘፋኙ ያርፋል፤ ቤቱን የሚይዘው መሣሪያው ብቻ ነው። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት በዚያ ጊዜ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ከቀይ እስክሪብቶው የራቀ ነበር።

ከዚያ ዘመን ቀረጻዎቹ ሦስቱ ከሌሎቹ ይልቃሉ። የ1975ቱ «ትዝታ» በካሴት ወጣ። በ1977 በካይፋ ሬከርድስ በሸክላ የታተመው «ቸ በለው» ሙላቱ አስታጥቄን በቫይብራፎን ይዟል። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ከአገር ወጥቶ ብዙ የውጭ ባንዶች ተጫውተውታል። በ1978 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። የተቀረጸው ዳህላኮች ይጫወቱበት በነበረው በጊዮን ሆቴል ክለብ ነው። ሸክላው እየቀረ ካሴት የነገሠበት ጊዜ ስለነበር ሥራው የወጣው በካሴት ብቻ ነው።

ኪቦርድ ዘፋኝን መተካት የቻለው እንዴት ነው? የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስካልተነሣ አይከስምም፤ ስለዚህ ዘፋኝ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ እንደሚያንቆረቁረው ዜማን መጎተት ይቻላል። አኮርዲዮን ከዚህ ይጨምራል። ወናፉ ሲገፋና ሲሳብ ድምፁ ይበረታል፣ ይላላል፤ የደረት ትንፋሽ ያለው ይመስላል። የዚያ ዘመን የሙግ ሲንተሳይዘሮች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ የሚያወጡት አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ለአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ይህ ጉድለት ነው፤ እንደ ማሲንቆ በነጠላ መስመር ለሚሄደው የእኛ ዜማ ግን ልክ ነው። ድምፁን በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ ስለሚቻል የዘፋኙ ጉሮሮ የሚያደርገውን ማድረግ ይቻላል። ኃይሉ እነዚህን ጠባዮች ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ ለዚህም ነው መሣሪያ በለወጠ ቁጥር የዜማ አያያዙ ያልተለወጠው።

ዋልያሶች በ1981 ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ ግን እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ከጓደኞቹ ጋር ዙላ ባንድን መሠረተ። በ1985ም ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ከበሮውን ለድራም ማሽን ሰጠው፤ በላዩ ላይ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙጉን አነባበረ፤ ከሁሉም በላይ የልጅነቱን አኮርዲዮን አስቀመጠ። የሚያጅበውም የሚመራውም ራሱ ነው። በዚህ ካሴት የአገር ቤት ዜማና የማሽን ምት ሳይገፋፉ ተቀምጠዋል፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው።

ከዚያ ረጅም ዝምታ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ተወ፤ በኋላም በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ልምምዱን ግን አላቋረጠም። ኪቦርዱን በታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይጫወት ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013ም ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተሰኘው ድርጅቱ ዳግም አሳተመው። «ቸ በለው»፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» እና «ትዝታ»ም ተከታትለው ወጡ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አዲስ ሥራም መጣ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»፣ በ2023 ደግሞ ቀደም ሲል ብሩክሊን ላይ በኮንሰርት የተቀረጸ አልበም ወጣለት። ከ«ሸሞንሟናዬ» እስከ «ላላ በሉ» 33 ዓመት አለ።

ለጀማሪ አድማጭ የምመክረው «የኔ ምርጫ»ን ነው። በውስጡ የአስናቀች ወርቁ «ባይኔ ላይ ይሄዳል» እና የቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» አሉ። የሁለቱንም ግጥም እናውቀዋለን፤ ኪቦርዱ ዜማውን ሲይዘው ቃሉ በራሱ ጊዜ ከአፋችን ይመጣል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ «ወደ ሐረር ጉዞ» መመለስ፣ ቀጥሎም «ሸሞንሟናዬ»ን መስማት ይቻላል።

ካዛንቺስ አብዛኛው ፈርሷል፤ የምሽት ሙዚቃ ይሰማባቸው የነበሩ ቤቶች ብዙዎቹ የሉም። ቀረጻዎቹ ግን አሉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥናችን የመሣሪያ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል፣ ስም ሳይጠራ፣ መሐል ላይ እየተቆረጠ ነው። እንደ ማንኛውም ዘፈን ርዕሱ ይነገር፤ ተጫዋቹና አቀናባሪው ይጠሩ፤ እስከ መጨረሻውም ይለቀቅ። የኃይሉ ሙዚቃ የጎደለው ነገር የለም፤ ቃል የጎደለው የሚያስመስለው የእኛ አሰማም ነው።