ሲያልቅ አያምር? ያረጁ የሮክ ኮከቦችና የተከፋፈሉት አድናቂዎቻቸው

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአገራችን ረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ። እንግሊዛዊው ድምፃዊና ድራም መቺ ፊል ኮሊንስ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ከዘፈነ በኋላ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ፣ ቀኑ ሳያልቅ ፊላደልፊያም መድረክ ላይ ወጣ። ያኔ 34 ዓመቱ ነበር።

ይኸው ሰው በማርች 2022 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ጀነሲስ» ከተባለው ባንዱ ጋር የመጨረሻ ኮንሰርቱን ለንደን ውስጥ ሲያቀርብ 71 ዓመት ሆኖት ነበር። የአከርካሪው ሕመም ነርቮቹን ስለጎዳው ዱላ ጨብጦ ድራም መምታት አይችልም ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከኋላው ድራሙን የመታው ወንድ ልጁ ኒክ ነበር።

እንዲህ ያለ ምሽት ሁለት ዓይነት ተመልካች ያፈራል። አንዱ «ምነው ቤቱ ቢቀመጥ! እንዲህ ሆኖ ከማየው የድሮውን ባስታውሰው ይሻለኝ ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ እንባውን እየጠረገ «እንኳን በዓይኔ አየሁት» ይላል። ሁለቱ ያዩት አንድ ሰው፣ የሰሙት አንድ ድምፅ ነው። ታዲያ ምን አለያያቸው?

ዕድሜ ድምፅን ምን ያደርገዋል?

ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ስስ እጥፋቶች ከሳንባ በሚመጣ አየር ሲርገበገቡ ነው። ሰው ሲያረጅ እነዚህ እጥፋቶች ይሳሳሉ፤ እርጥበታቸው ይቀንሳል፤ እንደ ቀድሞው ገጥመው መዘጋት ያቅታቸዋል። በዙሪያቸው ያለው ለስላሳ አጥንት እየጠጠረ ይሄዳል። የሳንባ አቅምም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ድምፁ ይሻክራል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ከፍ ያለው ዜማ ላይ መድረስ ይከብዳል። የብዙ ወንዶች ድምፅ በእርጅና ሲቀጥን የሴቶቹ ደግሞ ይወፍራል።

ይህ ለማንኛውም ዘፋኝ የማይቀር ቢሆንም የሮክ ዘፋኝን ይበልጥ ያስቸግረዋል። አብዛኞቹ ታዋቂ የሮክ ዘፈኖች የተቀረጹት ዘፋኙ የሃያ ወይም የሠላሳ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጉሮሮው ሊደርስ በሚችለው የመጨረሻ ከፍታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ እስኪያምር ድረስ ይደጋገማል፤ መድረክ ላይ ግን አንድ ዕድል ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን።

የ«ኤሮስሚዝ» ባንድ ድምፃዊ የስቲቨን ታይለር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2023 የስንብት ጉዞው ገና ሦስተኛው ኮንሰርት ላይ ጉሮሮው ክፉኛ ተጎዳ፤ በቀጣዩ ዓመት ባንዱ ከኮንሰርት ጉዞ መሰናበቱን አስታወቀ። በጁላይ 2025 ግን ያው ታይለር በርሚንግሃም ውስጥ በአንድ ዝግጅት ላይ ጥቂት ዘፈኖችን ተጫውቶ ሰሚውን አስደነቀ፤ የ77 ዓመት ሰው ነበር። ጥቂት ዘፈን ለአንድ ምሽት መዝፈንና ሁለት ሰዓት እየዘፈኑ ለወራት መዞር በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መድረክ ላይ ያሉት መላዎች

አንጋፋ ዘፋኞች ይህን ችግር የሚያልፉባቸው መላዎች አሏቸው። የመጀመሪያው ዘፈኑን ከተቀረጸበት ከፍታ ዝቅ አድርጎ መጫወት ነው። ኤልተን ጆን በ1987 የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ድምፁ ወፍሮ፣ የድሮውን ቀጭን ድምፅ ትቶ፣ በወፍራሙ ሌላ 36 ዓመት ዘፍኗል። ሁለተኛው መላ ከባዱን ቦታ ለተቀባዮች ወይም ለሕዝቡ መስጠት ነው፤ ማይኩ ወደ ተመልካቹ ሲዘረጋ ፍቅርም ዕረፍትም ነው። ሦስተኛው ዘፈኑን እንዳለ መለወጥ ነው። ከ1988 ጀምሮ ብዙም ሳያቋርጥ ሲዞር የኖረው ቦብ ዲላን የገዛ ዘፈኖቹን ዜማና ምት ስለሚቀያይር፣ ለዓመታት ያዳመጠው አድናቂ እንኳ የቱን ዘፈን እየሰማ እንደሆነ ለማወቅ ግጥሙ እስኪደርስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። አንዱ ለዚህ ያጨበጭባል፤ ሌላው ገንዘቡን እንደተበላ ይቆጥረዋል።

አራተኛው መላ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ከቀጥታው ጋር መቀላቀል፣ ሲብስም እኛ «ፕሌይባክ» የምንለው ነው። አድናቂን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው ይህ ነው። ድምፁ የደከመ ዘፋኝ ጠበቃ አያጣም፤ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ የተያዘ ግን ጠበቃ የለውም።

አንድ ቲኬት፣ ብዙ ፍላጎት

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ተመልካቾች የሚለያዩት ቲኬቱን ሲገዙ የፈለጉት ነገር ስለሚለያይ ነው። አንዱ በካሴትና በሲዲ የሚያውቀውን ድምፅ ሳይቀነስ ሊሰማ ይሄዳል። ሌላው የራሱን ወጣትነት ሊጎበኝ ይሄዳል፤ የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን፣ የሞተ ወንድሙን ያገኝበታል። ሦስተኛው አባቱ ሲያደንቀው የኖረውን ሰው ሳይሞት ለማየት የመጣ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ድምፁን ከድሮው ቅጂ ጋር ያመዛዝናል፤ ሁለቱ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን ይዘው አልመጡም።

ያዩበትም መንገድ ለውጥ ያመጣል። ፖል ማካርትኒ በጁን 2022፣ 80 ዓመት በሞላው በሳምንቱ፣ ግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ዝግጅት አቀረበ። ሜዳው ላይ የነበረው ሕዝብ አብሮ ስለሚዘፍን የማካርትኒን መሻከር የራሱ ድምፅ ይሸፍንለታል። ሳሎኑ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ለሚከታተል ሰው ግን እያንዳንዷ ስንጥቅ ትሰማዋለች። በስልክ ተቀድቶ በማግስቱ የሚዘዋወረው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ከሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣው የተበላሸው ቦታ ነውና።

በዚህ ላይ ሮክ የወጣት ሙዚቃ ሆኖ መወለዱ አለ። በ1965 «ዘ ሁ» የተባለው ባንድ «ማይ ጀነሬሽን» የተሰኘውን እርጅናን የሚንቅ ዘፈን ሲያወጣ ደራሲው ፒት ታውንሼንድ 20 ዓመቱ ነበር። የብሉዙ ቢ.ቢ. ኪንግ በሽምግልናው ለዓመታት ተቀምጦ ጊታር ሲጫወት ማንም አልገረመውም፤ በብሉዝ ዘንድ ዕድሜ ማዕረግ ነው። ሮከር ሲቀመጥ ግን ተመልካቹ አንድ የተጣሰ ቃል ያለ ይመስለዋል። የ«ሮሊንግ ስቶንስ»ን የ2024 የአሜሪካ ጉዞ ስፖንሰር ያደረገው ዕድሜያቸው የገፋ አሜሪካውያንን የሚያገለግለው «ኤኤአርፒ» የተባለው ማኅበር መሆኑ ብዙ ያስቀለደውም ለዚህ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ሚክ ጃገር ግን በ2019 የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጎ በሦስት ወር ውስጥ መድረክ ላይ የተመለሰ፣ በ80 ዓመቱም ሲሮጥ የታየ ሰው ነው። እሱን የሚያይ ተመልካች ሌሎቹም እንደሱ እንዲሆኑ ይጠብቃል፤ ይህ ደግሞ ለሌሎቹ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለምን አያቆሙም?

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። አንድ ዘፈን በኢንተርኔት ሲደመጥ ለባለቤቱ የሚደርሰው የሳንቲም ሽራፊ በመሆኑ የሙዚቀኛው ዋና ገቢ ኮንሰርት ሆኗል። ኤልተን ጆን ከ2018 እስከ 2023 ባደረገው የስንብት ጉዞ 330 ኮንሰርት አቅርቦ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቲኬት ሽያጭ አስመዝግቧል። ሁለተኛው ምክንያት መድረኩ ሕይወታቸው መሆኑ ነው፤ ከ20 ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው ዝምታውን ይፈራዋል።

እዚህ ላይ የአድናቂው ቅሬታ እውነት አለው። «ዘ ሁ» በ1982 የስንብት ጉዞ አድርጎ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ሰሜን አሜሪካን እንደገና ተሰናበተ። ድምፃዊው ኦዚ ኦስቦርን በ1992 «ከእንግዲህ ጉዞ የለም» የሚል ስም የሰጠውን ዙር አድርጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ስንብት የተባለ ቲኬት በውድ ይሸጣል፤ ሲደጋገም ግን ሰው ማመን ያቆማል። በ2022 የዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን አንዳንድ ቲኬቶች፣ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ዋጋው በሚንርበት አሠራር፣ እስከ 5,000 ዶላር ገደማ ሲደርሱ፣ ከ1980 ጀምሮ ስለሱ ሲጽፍ የኖረው «ባክስትሪትስ» የተባለ የአድናቂዎች መጽሔት በቀጣዩ ዓመት ሥራውን አቁሟል። ያን ያህል የከፈለ ሰው «ዕድሜ ነው» የሚለውን ምክንያት ለመቀበል ትዕግሥቱ ያጥራል።

አድናቂ የሚምረውና የማይምረው

ድምፁ እንደ ጥንቱ እንዲሆን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ሌላ አማራጭ አለ። ከሜይ 2022 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ አዳራሽ የ«አባ» ባንድ አራት አባላት በኮምፒውተር በተሠራ የወጣትነት መልካቸው ይታያሉ። እነሱ መድረኩ ላይ የሉም፤ ምስላቸው አይደክምም፣ አይሳሳትም። ያረጀው ሰው የሚያቀርበው ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያው የሚተነፍስ፣ ሊሳሳት የሚችል፣ ነገ ላይኖር የሚችል ሰው።

ዘፋኟ ጆኒ ሚቼል በ2015 ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ፈንድቶባት መናገርና መራመድ እንደገና ተምራለች። በጁላይ 2022 በ78 ዓመቷ ኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሳትጠበቅ ስትመጣ ቀጭኑ ድምፅዋ ወፍሮ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጣት ሙዚቀኞች ከብበዋት፣ ለአሁኑ ድምፅዋ በሚስማማ ከፍታ ዘፈነች፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ፓርኪንሰን የያዘው ኦዚ ኦስቦርንም በጁላይ 5 ቀን 2025 በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ተሰናበተ። ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር። ከ17 ቀን በኋላ ሞተ።

ሁለቱም የአቅማቸውን መድከም አልደበቁም። አድናቂ እርጅናን ይምራል፤ የማይምረው ማስመሰልን ነው። «ሲያልቅ አያምር» የሚለው ተረትም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የሚያልቀው ነገር በግልጽ እያለቀ መሆኑ ከተነገረ ሲያልቅም ያምራል።

እርስዎም ባሉበት አገር ሆነው የአንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ቲኬት ሊገዙ ካሰቡ፣ ከመክፈልዎ በፊት የቅርብ ጊዜ ኮንሰርቱን ቀረጻ አንድ ዘፈን ሙሉ ይመልከቱ፤ የተቆራረጠውን አይመኑ። ከዚያ የሚሄዱት ድምፁን ሊሰሙ ይሁን ሰውየውን ሊያዩ ለራስዎ ይወስኑ። ድምፁን ብቻ ከሆነ የድሮው ሲዲ ይበቃዎታል፤ ዋጋውም ይረክሳል።